ይሄ ዕቃ በየት ገባ?

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ኮምፒውተር የምወድ ሰው አይደለሁም፤ ትዕግሥትም የለኝም። ባለቤቴ ዘይነባ «አንተ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እንኳ የምትጣላው ሰው ትፈልጋለህ» ትለኛለች፤ አልዋሸችም። ስለዚህ አንድ የተረጋጋ ሰው በሳይንስ ተመስጦ የሠራውን ሥራ እንደምተርክላችሁ አታስቡ። ይህን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናድጄ ነው ያለፍኩት፤ ዛሬም ሳስታውሰው ግማሹ ያናድደኛል።

ስሜ ሰይድ ነው። ላምበረት መናኸሪያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጫኝ ነበርኩ። ወደ ደሴ፣ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ወልድያ የሚሄዱት አውቶቡሶች ጣሪያ ላይ ወጥቼ ፖርቶመጋላው ላይ ዕቃ እደረድራለሁ። ሰው ጫኝ ሲባል ጉልበት ብቻ ይመስለዋል። ጉልበቱስ የማንም ነው። ቁም ነገሩ አልጋውን፣ የበቆሎ ማዳበሪያውን፣ ጀሪካኑን፣ የልብስ ስፌት መኪናውን እያንዳንዱን በጠባዩ ማስቀመጥ ነው። ውሃ የሚፈራው መሃል ይገባል፣ ውሃ የማይፈራው ዳር ይሆናል፤ አውቶቡሱ ጣርማበር ላይ ሲጠማዘዝ ዕቃው እንዳይላወስ ክፍተት ሳትተው ታስራለህ። የመጀመሪያው ትምህርቴ ደግሞ አለቃችን ጋሽ ይመር የነገሩኝ ነው፦ ቀድሞ የሚወርድ መጨረሻ ይጫናል። በዚህ ሥራ ከጋሽ ይመር በቀር የሚበልጠኝ አልነበረም። ጉራ አይደለም፣ ሹፌሮቹን ጠይቁ።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የወፍጮ ሞተር ይዤ መሰላሉ ላይ ተንሸራተትኩ። ሞተሩ ተረፈ፣ ወገቤ ሄደ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳታነሣ አለኝ። ጋሽ ይመር ቦሌ አራብሳ ድረስ መጥተው፣ የኮንዶሚኒየሙን አራት ፎቅ በዚያ ዕድሜያቸው እያለከለኩ ወጥተው፣ «ናና መሬት ላይ ቁም፤ አንተ አሳይ፣ ጎረምሶቹ ያነሣሉ» አሉኝ። እኔ ግን ምጽዋት መሰለኝ። ሳያነሣ የሚጭን ምን ዓይነት ጫኝ ነው? ከታች ቆሞ ጣት የሚቀስር ሽማግሌ ልሆን ነው? አልመጣም አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ቤት ተቀመጥኩ፤ የቤቱንም ሰው ሁሉ አስመረርኩ።

ልጄ ሃያት ያኔ ዩኒቨርሲቲ ባዮቴክኖሎጂ ትማር ነበር። አንድ ቀን በንዴቴ ስትሰለች አሮጌ ላፕቶፗን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና «አባዬ፣ እስቲ በዚህ ተጨቃጨቅ» አለችኝ። የውጭ አገር ተመራማሪዎች ያዘጋጁት ጨዋታ ነው። ፕሮቲን የሚባለው ነገር ረጅም ክር ነው፤ ሰውነት ውስጥ ሥራ የሚሠራው ግን በትክክል ሲተጣጠፍ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ብቻውን የማያየውን አጣጣፍ የሰው ዓይን አንዳንዴ ያየዋል ብለው ጨዋታውን ለማንም ክፍት አደረጉት። ክሩን በመዳፊት ትጎትታለህ፣ ታዞራለህ፣ ታጥፋለህ። ውሃ የሚፈራው ክፍል ወደ ውስጥ ይገባል፣ ውሃ የሚወደው ውጭ ይቀራል፣ መሃሉ ላይ ክፍተት ካለ ነጥብ ትቀጣለህ።

ሃያት ይህን ስታስረዳኝ ሳቅኩ። «ይሄማ ፖርቶመጋላ ነው» አልኳት።

ያልኩትን ያህል ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ነጥቤ ከዜሮ በታች ነበር፤ ላፕቶፑን በመስኮት ልወረውረው የተነሣሁበት ቀን አለ። እኔ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ነኝ። ጠዋት ዘይነባ ወደ ሱቋ ስትሄድ እጀምራለሁ፣ ስትመለስ እዚያው ነኝ። በዓመቱ የእኔ ስም ከመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ስሞች አልጠፋ አለ። ለጨዋታው ስም ምረጥ ሲሉኝ «ላምበረት» ብዬ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ እኔ ግን ስሙን ዝርዝሩ ላይ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ያ እንቆቅልሽ መጣ። በቆሎና ኦቾሎኒ ላይ የሚወጣ ሻጋታ የሚተፋው መርዝ አለ። ያንን መርዝ ይዞ የሚሰብር ኢንዛይም፣ ማለትም ሥራ የሚሠራ ፕሮቲን፣ እኛ ተጫዋቾቹ እንድንነድፍ ተጠየቅን። ከተላኩት ውስጥ የተወሰኑት ተመርጠው በእውነተኛ ላቦራቶሪ ይሠራሉ ተባለ። ይህን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ዝናብ የመታው በቆሎ ስንት ጊዜ ተሸክሜያለሁ፤ ሽታው ከሸሚዝ አይለቅም። ወገቤ ከሄደ ወዲህ የእኔ እጅ የነካው ነገር የትም ደርሶ አያውቅም ነበር። እኔ የነደፍኩት ላቦራቶሪ ገብቶ ቢሠራ፣ ሰይድ ገና አላለቀም ማለት ነው። ለሌላ ሰው ላያሳምን ይችላል፣ እኔ ግን በዚያ ሳምንት ሕይወቴን ያንጠለጠልኩት እዚያ ላይ ነበር።

መርዙ ከመጀመሪያው መሃል ላይ ተቀምጦ ነው የሚሰጠን፣ በቢጫ ቀለም። እኛ ዙሪያውን እንገነባለን። አሥር ቀን ሠራሁ። አንዲት ስንጥቅ ሳላስቀር ጠቀጠቅኩት። ረቡዕ ጠዋት ስከፍተው «ላምበረት» ከሁሉ በላይ ነበር። ከዓለም አንደኛ። ሐሙስም አንደኛ፣ ዓርብም አንደኛ። የሚዘጋው ቅዳሜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። ሕጉ ደግሞ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ንድፍ ብቻ ነው፤ መጨረሻ የላክኸው የፊተኛውን ይሽራል።

ሰው ደስ ሲለው ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ቅዳሜ ሃያት ትምህርት ስለሌላት «ላፕቶፑን ያዢልኝ፣ ላምበረት እንሂድ» አልኳት። ባትሪው ደካማ ነው አለች። አልሰማኋትም። እነዚያ ሰይድ ቤት ተቀምጦ የበሰበሰ የሚመስላቸው ሰዎች ሁሉ እንዲያዩኝ ፈለግኩ።

ከቀትር በኋላ ደረስን። ጫኞቹ ለማግስቱ የሚሄደውን ዕቃ የሚረከቡበት ሰዓት ነው። ጋሽ ይመር እንደ ልማዳቸው ማዳበሪያ ላይ ተቀምጠው፣ በእጃቸው ጠመኔ ይዘው፣ ዕቃው ላይ የሚወርድበትን ከተማ ምልክት ያደርጋሉ። ሰው ተሰበሰበ። ላፕቶፑን ከፍቼ የሠራሁትን እያዞርኩ አሳየኋቸው፤ አንደኛ መሆኔንም ሃያት አነበበችላቸው። ጎረምሶቹ ትከሻዬን መቱኝ። ከዚያ ጋሽ ይመር መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ።

«እቺ ቢጫዋ ምንድን ናት?» አሉኝ።

መርዙ እንደሆነች፣ ሌላው ሁሉ እኔ የሠራሁት እንደሆነ፣ መርዟን ይዞ እንደሚሰብራት ነገርኳቸው። እስቲ አዙረው አሉኝ። አዞርኩላቸው። በሌላው በኩልስ አሉ። አዞርኩ። ጣታቸውን በቢጫዋ ዙሪያ አዞሩ።

«ይሄ ዕቃ በየት ገባ?»

«አልገባም ጋሽ ይመር። መሃል ላይ አስቀምጠው ነው የሚሰጡን።»

«እነሱማ በሥዕል አስቀመጡት። እህሉ ላይ ያለው መርዝ ግን ውጭ ነው ያለው። እሱ በየት ይገባል? ገብቶ ተሰበረ እንበል፣ ስባሪው በየት ይወጣል? ቀጥሎ ያለውስ የት ይገባል?»

እኔ ራሴ አዞርኩት። ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን። አፍ የለውም። ለነጥብ ብዬ አፍ መሆን ባለበት ቦታ ከክሩ ጎን የሚወጡ ሁለት ትልልቅ ቅርንጫፎች ደፍኜበት ነበር። መርዟ እንደ እንቁላል አስኳል መሃል ላይ ታሽጋ ተቀምጣለች።

ጋሽ ይመር መነጽራቸውን አወለቁ። «ጥሩ ተጭኗል» አሉ። «ግን ደብረ ብርሃን የሚወርደውን ሰው ደሴ ወስደኸዋል።»

ሁሉም ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ የጫኝ ቀልድ ነው። እኔ ግን ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። አሁን የምጽፈውን መጻፍ ባልፈልግም ያለ እሱ ታሪኩ ውሸት ይሆናል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «እርስዎ ፊደል ሳይቆጥሩ ሳይንስ ሊያስተምሩኝ ነው?» አልኳቸው። ሳቁ ቆመ። ሃያት ክንዴን ያዘች።

ሽማግሌው አልተቆጡም። «እኔስ ስለ ሳይንስ ምን አውቄ» አሉ። «ስለ ጭነት ነው የነገርኩህ።» ወደ ማዳበሪያቸው ተመልሰው ጠመኔያቸውን አነሡ።

ሳልሰናበት ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሃያት አላናገረችኝም። እኔ ግን ራሴን እያናገርኩ ነበር። ፊደል አልቆጠሩም ባልኳቸው ሰው ፊት፣ እሳቸው ራሳቸው በመጀመሪያው ቀን ያስተማሩኝን ረስቼ ተገኘሁ። ፖርቶመጋላ ባዶውን ነው የምትጀምረው፤ ዕቃው በየት እንደሚወጣ ሳታስብ አንድ ጀሪካን አታስቀምጥም። እዚህ ግን ዕቃው ቀድሞ ተቀምጦ ስለጠበቀኝ በር የሚባል ነገር ከጭንቅላቴ ጠፋ። ነጥቡ ሲጨምር እያየሁ በሩን በገዛ እጄ ደፈንኩት።

ከዚያ መናደድ የጀመርኩት በሳይንቲስቶቹ ነው። በር ለተወ ሰው ነጥብ የሚቀንስ ሕግ ማን አወጣ? ክፍተት ያስቀጣል አሉ፤ በርስ ክፍተት አይደለም ወይ?

ገና ሲኤምሲ ሳንደርስ ዘይነባ ደወለች፤ አራብሳ መብራት ጠፍቷል። ላፕቶፑን ከፈትኩት፣ ባትሪው ሊያልቅ ተቃርቧል። ጉራዬ በላው። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሊሆን ነው። ሲኤምሲ ወረድን። የመጀመሪያው ካፌ ሶኬት አለው፣ ግን ለጌጥ ነው። ሁለተኛው ሻይ አዘን ከተቀመጥን በኋላ «ላፕቶፕ አይሰካም» አለን። የሚያቃጥለውን ሻይ እዚያው ጥዬው ወጣሁ። በመጨረሻ አንዲት ፎቶኮፒ ቤት ያላት ሴት ወገቤን መያዜን አይታ ነው መሰለኝ፣ ወንበር ሰጥታን በማሽኗ አጠገብ ሰካችልን። «ማሽኑ ሲሞቅ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ አትደንግጡ» አለች።

ሃያት የተናገረችው ያን ጊዜ ነው። «አባዬ፣ ተወው። አንደኛ ነህ። ፕሮቲን እኮ ድንጋይ አይደለም፣ ይንቀሳቀሳል፤ ምናልባት ራሱ ይከፈት ይሆናል።»

«ምናልባት ነው ያልሽው?»

«ምናልባት ነው። ግን የሚመርጡት ከላይ ካሉት ነው። ከከፈትከው ነጥብህ ይወርዳል፣ የሚያይህም የለም።»

ልክ ነበረች። ያናደደኝም ልክ መሆኗ ነው። ዝም ብዬ ብቀመጥ በሁለት ሰዓት ውስጥ አንደኛ ሆኜ እጨርሳለሁ፣ ስሜ ይወጣል፣ ምናልባትም ይሠሩታል። ብከፍተው ያንን ሁሉ አጣለሁ። እንዳልከፍተው ደግሞ አንዴ አይቼዋለሁ። የማይወርድ ዕቃ እንደጫንክ እያወቅህ አውቶቡሱን «ሂድ» ማለት አትችልም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ሁለቱን ቅርንጫፎች ቆርጬ በትንንሾች ተካኋቸው። ነጥቤ ወዲያው ከአንደኛ ወደ ሠላሳዎቹ የሚያወርደኝ ሆነ። ይባስ ብሎ አፉ የተከፈተበት ዳር ወደ ውስጥ ፈረሰ፤ ሳስተካክለው መርዟን ገፍቶ አወጣት። መለስኩ። እንደገና ከፈትኩ፣ እንደገና ፈረሰ። ከጎኔ የፎቶኮፒ ማሽኑ ያጓራል፣ አንድ ሰውዬ የመታወቂያ ኮፒ ጥቁር ሆነብኝ ብሎ ከሴትዮዋ ጋር ይከራከራል፣ ወገቤ ይቆጠቁጠኛል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የልብስ ስፌት መኪና አጫጫን ትዝ ያለኝ። መሃል መንገድ የሚወርድ ዕቃ ሲኖር ቦታው እንዳይደረመስ በሁለቱም ጎን ግትር ነገር ታቆማለህ፤ የአልጋ ጣውላ፣ የበር ፍሬም። ጨዋታው ውስጥም ግትር ነገር አለ፤ ክሩ እንደ ስፕሪንግ የሚጠቀለልበት ምሰሶ። ከታች አንዱን ነቅዬ አፉ አጠገብ አቆምኩት፣ ሌላውን ትይዩው አደረግኩ። አልፈረሰም። አዞርኩት፤ መርዟ በአፉ በኩል ትታያለች። በዚያ ትገባለች፣ ስባሪዋም በዚያ ይወጣል። ሃያት አጎንብሳ አየችውና «ገባኝ» አለች፣ በቀስታ።

አንድ ሰዓት ሊሞላ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ላክነው። ማስታወሻ መጻፊያ ቦታ ስላለው ሃያትን በእንግሊዝኛ አስጻፍኳት፦ በሩን ትቼላችኋለሁ፣ ሌሎቹን ስታዩ በየት እንደሚገባ ጠይቁ። ከዚያ ዝርዝሩ ወጣ። «ላምበረት» አርባ አንደኛ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ላቦራቶሪ የሚገቡት ተገለጹ። የእኔ የለም። ማስታወሻዬን ማንም እንዳነበበው የሚያሳይ ነገር አልነበረም። ሁለት ቀን ሙሉ ከሰው ጋር አላወራሁም። ዘይነባ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ንዴቴ አልቀለደችም፤ ምሳዬን አስቀምጣልኝ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ላምበረት ሄድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ተመርጬ ቢሆን ኖሮ አልሄድም ነበር። ያሸነፈ ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ አይቸኩልም። ጋሽ ይመር እዚያው ማዳበሪያው ላይ ነበሩ። ጉልበታቸውን ይዤ አፉ ይበሉኝ አልኳቸው። ቀና አድርገው አስቀመጡኝና በሩን ከፈትከው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ ከፍቼ አርባ አንደኛ ወጣሁ አልኩ።

«አርባ አንደኛው ግን ይወርዳል» አሉኝ። ጠመኔውን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ዓይኔ ደክሟል። ከዛሬ ጀምሮ አንተ አሳያቸው።»

ይህችን ጠመኔ ነበር ከሦስት ዓመት በፊት ምጽዋት ነው ብዬ የመለስኳት። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኔ ወገቤ ሲሄድ ሥራዬም የሄደ መስሎኝ፣ አሁንም ሰው መሆኔን የውጭ አገር ዝርዝር እንዲመሰክርልኝ እጠብቅ ነበር። ሥራዬ ግን ወገቤ ላይ አልነበረም። ጋሽ ይመር ምንም ሳያነሡ፣ ተቀምጠው፣ በአንድ ጥያቄ የአሥር ቀን ድካሜን አፈረሱት። ጭነት ማለት ያ ነው፤ ያንን ደግሞ ወገብ የሌለው ሰውም ይሠራዋል።

ወራት ካለፉ በኋላ ሃያት የተመራማሪዎቹን ጽሑፍ አንብባ ነገረችኝ። ከላይ የነበሩትን ሠርተው ሞከሯቸው፤ መርዙን የነካ አልተገኘም። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል ብለው ይዘረዝራሉ፤ ከዝርዝሩ አንዱ መግቢያቸው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። «ሊሆን ይችላል!» ብዬ ጮህኩ፤ ጎረቤት ሰማ። ለአርባ አንደኛው ግን እስካሁን መልስ የለም። የእኔም ቢሠራ ይሰብረው እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም አያውቅም፣ ምክንያቱም ማንም አልሞከረውም። ይሄ አሁንም ያንገበግበኛል። ከዚህ ታሪክ ሁሉን ነገር በጸጋ መቀበል ተማርኩ እንድላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ አዝናለሁ።

ትናንት ጎረምሶቹ የወልድያውን አውቶቡስ ጭነው ጨርሰው ጠሩኝ። ሸራው ተወጥሯል፣ ገመዱ ጠብቋል፣ አንዲት ክፍተት የለም፤ እኔ በደህናዬ ዘመን ከምጭነው ያምራል። ዞሬ አየሁት። ሸዋሮቢት የሚል በጠመኔ የጻፍኩበት የስፌት መኪና የትም አይታይም።

«የሸዋሮቢቱ በየት ይወጣል?» አልኳቸው።

እየረገሙኝ ሸራውን መፍታት ጀመሩ። ንዴታቸውን ስለማውቀው ምንም አልመለስኩላቸውም። መሰላሉን ያዝኩላቸው።